የምርምር መጽሔትን ማንነት ጠይቆ ስለ መረዳት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ስሙ ብቻ ሲሰማ ለሊቃውንትና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የተተወ ይመስላል። ነገሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ነው። ሥራ የሚፈልግ ሰው «በዓለም አቀፍ መጽሔት የታተመ ጥናት አለኝ» ብሎ ከማመልከቻው ጋራ አያይዞ ያቀርባል። የዩኒቨርሲቲ መምህር የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቅ ያሳተማቸውን ጽሑፎች ዘርዝሮ ያስገባል። የውሃ ማጣሪያ ወይም አዲስ መድኀኒት ለመንግሥት ለመሸጥ የሚወዳደር ነጋዴም የዕቃውን መልካምነት የሚመሰክር የምርምር ጽሑፍ ከዋጋ ማቅረቢያው ጋራ ይልካል። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚመራለት ኀላፊ ኬሚስት ወይም ሐኪም ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም አስተያየቱን ጽፎ መፈረም አለበት። ቢሳሳት የማይገባው ሰው ይሾማል፤ የሚገባው ይቀራል፤ የሕዝብ ገንዘብም ለማይረባ ዕቃ ይወጣል።

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይላል ያገራችን ሰው። በአሁኑ ዘመን ለማጣራት የሚረዳ አንድ መሣሪያ ተገኝቶአል። ይኸውም የአንድን የምርምር መጽሔት ስም ወይም መለያ ቁጥር ሲሰጡት፣ ስለዚያ መጽሔት በልዩ ልዩ መዝገብ የተጻፈውን ሰብስቦ ባንድ ገጽ የሚያቀርብ የኮምፒዩተር አገልግሎት ነው። ዋጋው በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል አይደለም፤ እንደ ስልክ በተጠቀሙበት ልክ ይታሰባል። አንድ ጥያቄ የጠየቀ የአንዱን ይከፍላል፤ መቶ የጠየቀ የመቶውን ይከፍላል። ይህ መሣሪያ ከምን እንደ መጣ፣ ምን እንደሚመልስና ምንን መመለስ እንደማይችል በዛሬው ንግግራችን እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የምርምር መጽሔት፣ በብዙዎች አፍ ጆርናል የሚባለው፣ ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። ይህ መጽሔት ለዜና ወይም ለመዝናኛ የሚነበብ አይደለም። አንድ ተመራማሪ ያገኘውን አዲስ ነገር፣ ያገኘበትን መንገድና ማስረጃውን ጽፎ ለሙያ ባልደረቦቹ የሚያቀርብበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ1665 ዓ.ም. ተመሠረቱ፤ አንደኛው በዓመቱ መጀመሪያ በፓሪስ፣ ሁለተኛው ከሁለት ወር በኋላ በሎንዶን ወጣ። የሎንዶኑን ያቋቋመው የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ ሲሆን መጽሔቱ እስከ ዛሬ ይታተማል። አሁን ባለው ልማድ አንድ ጽሑፍ ወደ መጽሔቱ ሲላክ አዘጋጁ በዚያው ሙያ ለታወቁ ሰዎች ሰጥቶ ያስመረምረዋል። መርማሪዎቹ ጉድለቱን ያሳያሉ፤ ጸሐፊው ያርማል፤ ጽሑፉ የማይታረም ከሆነም ይመለስለታል። የአንድ መጽሔት ክብር የሚመነጨው ከዚህ ምርመራ ነው። ስለዚህ «ይህ መጽሔት ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ «ይህን ጽሑፍ በእውነት የመረመረው ሰው አለን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ይቈጠራል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። መጽሔቶች እየበዙ በሄዱ ጊዜ የትኛውን ገዝቶ የትኛውን መተው እንደሚገባ መወሰን የቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎችን አስጨንቆአቸው ነበር። በ1927 ዓ.ም. ግሮስና ግሮስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ዘዴ አቀረቡ። የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት በ1926 ዓ.ም. ባወጣቸው ጽሑፎች ውስጥ በዋቢነት የተጠቀሱትን መጽሔቶች አንድ በአንድ ቈጠሩ። ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው መጽሔት ለኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሊገዛ የሚገባው ነው ሲሉም አሳሰቡ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን በሳይንስ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ብራድፎርድ ሌላ ነገር አስተዋለ። ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉት ጽሑፎች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሲሶው በጥቂት መጽሔቶች ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ሁለተኛው ሲሶ ከነዚያ በብዙ እጥፍ በሚበልጡ መጽሔቶች ውስጥ ነው። የቀረው ሲሶ ግን እጅግ በበዙ መጽሔቶች ውስጥ ተበትኖ ይኖራል። ይህን የብራድፎርድን አስተያየት ልብ እንበለው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ሐሳብ የመጣው ከሕግ ሰዎች ነው። በ1873 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ ሰው፣ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋለኞቹ ውሳኔዎች የተጠቀሰ፣ የጸና ወይም የተሻረ መሆኑን ለጠበቆች የሚያመለክት ማውጫ ማሳተም ጀመረ። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ይህን የሕግ ማውጫ ተመልክቶ ለሳይንስም እንዲሁ ቢደረግ የሚሰጠውን ጥቅም በ1955 ዓ.ም. ጽፎ አስረዳ። በ1964 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት ሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስ የሚባለውን ታላቅ ማውጫ ለዓለም አቀረበ። ወደ ማውጫው የሚገቡትን መጽሔቶች ለመምረጥም ከባልደረባው ከኧርቪንግ ሼር ጋራ ኢምፓክት ፋክተር የተባለውን ስሌት ፈጠረ። እንግዲህ ስሌቱ በመጀመሪያ የታሰበው መጽሔትን ለመምረጥ እንጂ ሰውን ለመሾም ወይም ለመሻር አልነበረም።

እነዚህን ማውጫዎች ገዝቶ በየዓመቱ ማደስ የሚችለው ሀብታም ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ሎክሂድ የተባለው የአሜሪካ የአውሮፕላን ኩባንያ ዳያሎግ የሚባል የፍለጋ አገልግሎት ለገበያ ሲያወጣ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በስልክ መሥመር ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋራ ተገናኝቶ መጠየቅ ተቻለ፤ ሒሳቡም በተገናኙበት ጊዜ ልክ ይታሰብ ነበር። ጊዜው ገንዘብ ስለ ሆነ፣ የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጥያቄውን አስቀድሞ በወረቀት ላይ አሰናድቶ፣ ቶሎ ጠይቆ ቶሎ መዝጋት ነበረበት። በ1997 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሕክምና ጽሑፎችን ማውጫ ፐብሜድ በሚባለው አገልግሎት አማካይነት ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ያለ ክፍያ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ክፍት የሆኑ መዝገቦች በረከቱ። በ2000 ዓ.ም. አሳታሚዎች ተባብረው ያቋቋሙት ክሮስሬፍ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የተሰጠውን ቋሚ ቁጥር ይመዘግባል። በ2003 ዓ.ም. በስዊድን በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዶአጅ የተባለው መዝገብ ለማንም ሰው በነጻ የሚነበቡትን መጽሔቶች መርምሮ ይዘረዝራል። በ2022 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኦፕንአሌክስ ደግሞ ጽሑፎችን፣ ጸሐፊዎችንና መጽሔቶችን አያይዞ የሚያሳይ ሰፊ መዝገብ ነው።

በጥያቄ ልክ የሚከፈልበት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከነዚህ ክፍት መዝገቦች ላይ እየቀዳ ነው። መሣሪያው ራሱ መጽሔቱን አንብቦ አይፈርድም፤ ሊቅም አያማክርም። ሥራው የመልእክተኛ ሥራ ነው። ስሙን ወይም ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ አንዱ መዝገብ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ሌላው ያልፋል፤ ያገኘውንም አስተካክሎ በሠንጠረዥ ያቀርባል። እንግዲህ የምንከፍለው ስለ መልእክተኛው ድካም መሆኑን እንወቅ። መዝገቡ የተሳሳተ እንደ ሆነ መልእክተኛውም ስሕተቱን ይዞ ይመጣል።

አሁን መልሱን ከፍተን እንመልከት። በመጀመሪያው መሥመር ላይ የሚገኘው አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. የሚባለው ባለ 8 አኃዝ መለያ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በ1975 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸና ሲሆን ዋናው ማእከሉ በፓሪስ ነው። ጥቅሙም መጽሔቶች በስም ስለሚመሳሰሉ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የመጽሔትን ስም ግን የሚያወጣው አሳታሚው ነው። «ዓለም አቀፍ»፣ «አሜሪካዊ»፣ «የላቀ» የሚሉትን ቃላት በስሙ ላይ እንዳይጨምር የሚከለክለው የለም። ቁጥሩ ግን ላንድ መጽሔት ብቻ የተሰጠ ነው። በወረቀትም በኮምፒዩተርም የሚወጣ መጽሔት ለያንዳንዱ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል፣ ባንዱ ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው በሁለተኛው መሞከር ይገባዋል።

ቁጥሩ በትክክል የተጻፈ መሆኑንም ማንኛውም ሰው ሳይከፍል በእርሳስ ሊያረጋግጠው ይችላል። ኔቸር የተባለውን የታወቀ የእንግሊዝ መጽሔት ለምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩ 0028-0836 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰባት አኃዞች በተራ በ8፣ በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3 እና በ2 እናባዛ። የምናገኘው 0፣ 0፣ 12፣ 40፣ 0፣ 24 እና 6 ነው፤ ድምሩ 82 ይሆናል። 82 ለ11 ሲካፈል 5 ይቀራል። ይህን 5 ከ11 ብንቀንስ 6 እናገኛለን፤ የቁጥሩ መጨረሻ አኃዝም 6 ነው። ውጤቱ 10 በሚሆንበት ጊዜ በመጨረሻው ስፍራ ኤክስ የሚባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ምንም ቀሪ የሌለ እንደ ሆነ ዜሮ ይጻፋል። ሒሳቡ አልገጥም ካለ ወይ በግልባጩ ላይ ስሕተት ተሠርቶአል፤ ወይ ቁጥሩ የፈጠራ ነው።

ነገር ግን ትክክለኛ ቁጥር መኖሩ የጥራት ምስክር አይደለም። የመኪና ታርጋ የመኪናውን ማንነት ይናገራል እንጂ ነጂው ጠንቃቃ መሆኑን አይናገርም። አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን.ም እንዲሁ ነው፤ የሚሰጠው ለመመዝገብ እንጂ ለማሞገስ አይደለም። «መለያ ቁጥር ስላለው ዓለም አቀፍ ዕውቅና አለው» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ላይ የሚጻፍ ከሆነ ጉባኤው ተታሎአል ማለት ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የአሳታሚው ስም፣ ሀገሩ፣ መጽሔቱ የሚጻፍበት የዕውቀት ክፍልና በየዓመቱ ያወጣው የጽሑፍ ብዛት ይገኛል። መጽሔቱ ለአንባቢ በነጻ ክፍት መሆኑና ከጸሐፊው የሚያስከፍለው ገንዘብም ይመለከታል። እነዚህ ተራ የሚመስሉ መሥመሮች ብዙ ይናገራሉ። ለምሳሌ በዓመት 30 ጽሑፍ ያወጣ የነበረ መጽሔት በድንገት ብዙ መቶዎችን ማውጣት ከጀመረ፣ ይህን ሁሉ ማን እንደ መረመረው መጠየቅ ያስፈልጋል። ስሙ ስለ ግብርና የሚናገር ሆኖ ስለ ባንክና ስለ ቀዶ ሕክምና የሚያትም ከሆነም እንደዚሁ ነው። ከጸሐፊ ገንዘብ መቀበል ብቻውን ግን ነውር አይደለም፤ አንባቢው የማይከፍልባቸው ብዙ የተከበሩ መጽሔቶች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብዙዎች የሚጓጉለት አኃዝ ነው። የኢምፓክት ፋክተር አሠራር እንዲህ ነው። አንድ መጽሔት በ2022 እና በ2023 ዓ.ም. በጠቅላላው 100 ጽሑፎች አወጣ እንበል። እነዚህ ጽሑፎች በ2024 ዓ.ም. በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ 250 ጊዜ ቢጠቀሱ፣ 250 ለ100 ተካፍሎ የ2024 ዓ.ም. አኃዙ 2.5 ይሆናል። ይህ አማካይ ቁጥር ነው፤ አማካይ ደግሞ የእያንዳንዱን ድርሻ አይናገርም። ኔቸር ስለ ራሱ በ2005 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፣ ከአኃዙ 89 ከመቶ የተገኘው ከጽሑፎቹ 25 ከመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነበር። ከዚህም የሚያስገርም ምሳሌ አለ። አክታ ክሪስታሎግራፊካ የተባለው መጽሔት የመጀመሪያው ክፍል በ2008 ዓ.ም. አኃዙ 2 ያህል ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ወደ 49.926 ወጣ። ምክንያቱም በ2008 ዓ.ም. በዚያ የወጣ፣ ሼልኤክስ ስለሚባል የስሌት ፕሮግራም የሚያወሳ አንድ ጽሑፍ በብዙ ሺሕ ጊዜ በመጠቀሱ ነው። ጽሑፉ ከሁለቱ ዓመታት ስሌት ሲወጣ አኃዙም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በዚያው ዘመን በመጽሔቱ ላይ የጻፉት ሌሎች ሰዎች ያገኙት ክብር ካንድ ባልደረባቸው የተዋሱት ነበር።

ደግሞም የሙያው ልማድ ይለያያል። የሒሳብ ሊቅ ጥቂት ይጠቅሳል፤ የተጻፈው ጽሑፍ እስኪጠቀስም ዓመታት ይፈጃል። የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ግን ብዙና ቶሎ ይጠቅሳል። ስለዚህ የሁለቱን ሙያ መጽሔቶች ባንድ ሚዛን ማስቀመጥ ጤፍን በሜትር እንደ መለካት ነው። በዚህ ምክንያት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ አዘጋጆችና አሳታሚዎች፣ የመጽሔትን አኃዝ ለሰው ቅጥርና ለማዕረግ ዕድገት መለኪያ ማድረግ እንዲቀር የሚጠይቅ መግለጫ አዘጋጁ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እንጨምራለን። ኢምፓክት ፋክተር በሚል ስም የሚታወቀውን አኃዝ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ድርጅት ነው። በክፍት መዝገብ ላይ የተሠራ መሣሪያ የሚመልሰው ተመሳሳይ አኃዝ የራሱ ስሌት ስለሚሆን፣ በውሳኔ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ከየት እንደ ተገኘና የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ መገለጽ አለበት።

እስካሁን የተናገርነው በቅንነት ስለሚሠሩት ነው። አሁን ደግሞ ስለ ነጣቂዎቹ እንናገር። ነጣቂ መጽሔቶች የሚባሉት ገንዘቡን ተቀብለው ምርመራውን የሚተዉ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ሳይንስ የተባለው መጽሔት፣ ሆን ተብሎ ግልጽ ስሕተት የተጨመረበት የፈጠራ ጽሑፍ ለ304 በነጻ ለሚነበቡ መጽሔቶች የተላከበትን ሙከራ አስነበበ። ከነዚህ 157ቱ ጽሑፉን ተቀበሉት። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በኔቫዳ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ኦሚክስ የተባለው በሕንድ ሀገር የተመሠረተ አሳታሚ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደበት። የቀረበበት ክስ ስለ ጽሑፍ ምርመራው፣ ስለ አዘጋጆቹና ስለ መጽሔቶቹ ኢምፓክት ፋክተር ሐሰት ተናግሮአል፤ የሚያስከፍለውንም ገንዘብ አስቀድሞ አልገለጸም የሚል ነበር። ከነዚህ የሚብሱት የሌላውን ስም የሚሰርቁት ናቸው። የአንድ እውነተኛ መጽሔት ስምና መለያ ቁጥር ወስደው፣ የእርሱን የሚመስል ገጽ በኢንተርኔት ከፍተው ከጸሐፊዎች ገንዘብ ይሰበስባሉ። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ስለ እውነተኛው መጽሔት መልካም መልስ ይሰጣል፤ ጽሑፉ የወጣው ግን በሐሰተኛው ላይ ነው። ስለዚህ የመጽሔቱ መዝገብ መልካም መሆኑ አይበቃም፤ ጽሑፉ በእውነተኛው መጽሔት ማውጫ ውስጥ መኖሩ መታየት አለበት።

በታላቅ መጽሔት የወጣ ነገር ሁሉ እውነት ነው ማለትም አይደለም። ላንሴት የተባለው የተከበረ የሕክምና መጽሔት በ1998 ዓ.ም. በ12 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት አወጣ። ጥናቱ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋራ በማያያዙ በብዙ ሀገር ወላጆችን አስፈራ፤ ክትባቱን የተዉም ነበሩ። መጽሔቱ ጽሑፉን የሻረው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ስለ ላንሴት ማንነት የጠየቀ ሰው እውነተኛና መልካም መልስ ያገኝ ነበር፤ ጽሑፉ ግን የተሳሳተ ነበር። የመጽሔት ጥያቄና የጽሑፍ ጥያቄ ሁለት ናቸው። የተሻሩ ጽሑፎችን የሚዘረዝር ሪትራክሽን ዎች የሚባል መዝገብ አለ፤ በ2023 ዓ.ም. ክሮስሬፍ ገዝቶ ለሁሉ በነጻ ስለ ከፈተው፣ የሚያሳስብ ጽሑፍ በቀረበ ጊዜ እርሱንም መመልከት ይገባል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። በጥያቄ ልክ መክፈል መቼ ይጠቅማል? አንድ ኮሚቴ 40 አመልካቾች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም 5 ጽሑፍ አቅርበዋል እንበል። ጽሑፎቹ 200 ናቸው። የአንድ ጥያቄ ዋጋ ለምሳሌ ያህል 5 የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆን፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ ተከትሎ መጠየቅ 10 ዶላር ያስወጣል። ነገር ግን ብዙዎቹ ጽሑፎች በተመሳሳይ መጽሔቶች ላይ የወጡ ስለሚሆኑ አስቀድሞ መለየት ይገባል። መጽሔቶቹ 60 ብቻ ሆነው ቢገኙ ዋጋው ወደ 3 ዶላር ይወርዳል። እንዲህ ላለው ሥራ በዓመት ከሚከፈል ውድ ደንበኝነት ይልቅ በጥያቄ መክፈል እንደሚሻል ግልጽ ነው። ሁለት ወይም ሦስት መጽሔት ብቻ ለማጣራት ግን ምንም መክፈል አያስፈልግም። የፓሪሱ ማእከል ዋና ዋናውን መረጃ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ያሳያል፤ የዶአጅና የክሮስሬፍ መዝገቦችም ለሁሉ ክፍት ናቸው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚጠየቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ ይህን ማወቅ ሁለት እጥፍ ይጠቅማል።

ከመክፈል በፊት የውሉን ቃል ማንበብ ይገባል። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም? ሒሳቡ ሲያልቅ አገልግሎቱ ይቆማል ወይስ ዕዳ ይቈጥራል? መረጃው ከየትኛው መዝገብ የተቀዳ ነው፤ መቼስ ታደሰ? ይህን የማይገልጽ አገልግሎት ርካሽ ቢሆንም መተው ይሻላል። ከዚህም ጋራ ወደ መሣሪያው የሚላከው የመጽሔቱ ቁጥር ብቻ ይሁን። የአመልካቾችን ስምና የግል ማስረጃ ወደ ውጭ አገልግሎት መላክ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ የመሥሪያ ቤትን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አይፈቅደውም።

አሁን ቀደም ሲል ያቆየነውን የብራድፎርድን አስተያየት እናንሣ። ታላላቆቹ ማውጫዎች የተሠሩት በመካከል የተከማቹትን ጥቂት መጽሔቶች ለመያዝ ነው፤ የሚበዙትም በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ናቸው። ስለ አንድ ሀገር መሬት፣ በሽታ፣ ሕግና ታሪክ የተጻፈው ዕውቀት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተበተነው ሲሶ ውስጥ ነው። በሀገራችን የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ1962 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ደግሞ በ1963 ዓ.ም. መታተም ጀምረዋል። ከዚያ ወዲህም በየዩኒቨርሲቲው ሌሎች ተመሥርተዋል። ከነዚህ አንዳንዱ በውጭ ማውጫ ውስጥ ባይገኝ ወይም አኃዙ ትንሽ ቢሆን፣ በውስጡ የሚገኘው ዕውቀት ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ «በመሣሪያው አልተገኘም» የሚለውን መልስ «ዋጋ የለውም» ብሎ መተርጐም የለፋን ሰው መበደል ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የአፍሪካ መጽሔቶች መዝገብ፣ ኤጆል የሚባለው፣ የኢትዮጵያን መጽሔቶች ጭምር ስለሚዘረዝር በዚያም መፈለግ ይገባል። መዝገቡ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የመጽሔቶችን አሠራር የሚመዝንበት የደረጃ አሰጣጥም አለው።

እንግዲህ ሥራው በሚከተለው ተራ ቢሠራ መልካም ነው። አንደኛ፣ የመጽሔቱን መለያ ቁጥር ከጽሑፉ ላይ ወስዶ በእርሳስ ማረጋገጥ። ሁለተኛ፣ መጽሔቶቹ ጥቂት ከሆኑ በነጻዎቹ መዝገቦች፣ ብዙ ከሆኑ በክፍያው መሣሪያ ማንነታቸውን መጠየቅ፤ የተጠየቀበትንም ቀን መጻፍ። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ በእውነተኛው መጽሔት ማውጫ ውስጥ መኖሩንና አለመሻሩን መመልከት። አራተኛ፣ መጽሔቱ በመሣሪያው ያልተገኘ እንደ ሆነ ባለጽሑፉን ጠርቶ ማስረጃ እንዲያቀርብ ዕድል መስጠት። አምስተኛና ዋናው፣ ጽሑፉን ሙያው ላለው ሰው ሰጥቶ ማስነበብ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ያንድ ጸሐፊ የግማሽ ቀን ሥራ ናቸው። አምስተኛው ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም በማናቸውም ክፍያ የሚተካው አልተገኘም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ቀድሞ በውድ ዋጋ ይገዛ የነበረው መረጃ ዛሬ በጥቂት ሳንቲም፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ዋጋ መገኘቱ ትልቅ በረከት ነው። ሳይጠይቅ የሚፈርም ኀላፊ ከእንግዲህ «መሣሪያ አልነበረኝም» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ጠይቆ ያገኘውን አኃዝ ብቻ ቈጥሮ የሚፈርመውም «መሣሪያው አዘዘኝ» ሊል አይገባውም፤ መሣሪያው የተናገረው ስለ መጽሔቱ ነውና። ስለ ጽሑፉና ስለ ሰውየው የሚሰጠው ፍርድ ከፊርማው ባለቤት የሚጠበቅ ነው።

ለዛሬ የተዘጋጀው ንግግር በዚሁ ተፈጸመ።